ከጠርዝ የሚነሣ እሳት፦ ወደ ሃያ ሁለት የተለወጠ ጠመንጃ ለምን ይከሽፋል?

ሰናድር ሲወለድ ሰናድር አልነበረም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1853 የተቀበሉት፣ ባሩዱና እርሳሱ በአፈሙዙ በኩል እየተጠቀጠቀ የሚገባበት ኤንፊልድ ጠመንጃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1866 የአሜሪካዊውን የጃኮብ ስናይደርን ዘዴ ተቀብለው የኋላ ክፍሉን ቆረጡት፤ ወደ ቀኝ የሚከፈት መዝጊያ ገጠሙለት፤ ጥይቱም ከኋላ እንዲጎርስ አደረጉ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ግርጌ፣ አሮጌ ሜዳ ላይ የዐፄ ቴዎድሮስን ሠራዊት የገጠመው ይኸው የተለወጠ ጠመንጃ ነው። የሠሪው ስምም በአማርኛ ሰናድር ሆኖ ቀረ።

ውጅግራም እንዲሁ የለውጥ ልጅ ነው። ስሙ ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» የመጣ ሲሆን፣ ባዚል ግራ የተባለ የፈረንሳይ መኮንን በወረቀት የተጠቀለለ ጥይት ይጎርስ የነበረውን ሻስፖ ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1874 የናስ ቀለህ እንዲጎርስ አድርጎ ያሻሻለው ነው። ዓድዋ ላይ በኢጣሊያ ወገን የነበረው ቬተርሊ ቪታሊም አንድ ጥይት ብቻ ይጎርስ ከነበረ ጠመንጃ ካዝና ተበጅቶለት የተለወጠ ነበር። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ስለ ተለወጠ ጠመንጃ ሲነገረው እንግዳ ነገር አይሰማም።

እነዚያ ለውጦች ግን ሁሉም ጉልበት ለመጨመር የተደረጉ ናቸው። ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው ተቃራኒውን ነው፦ ትልቅ ጥይት እንዲተኩስ የተሠራን ጠመንጃ ለኢላማ ልምምድ ሲባል ሃያ ሁለት የምትባለውን ትንሽ ጥይት እንዲተኩስ ማድረግን። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ጥይቷ ርካሽ ናት፤ ድምፅዋና ግፊቷ ቀላል ነው፤ ለማጅ ትከሻው ሳይደነግጥ በሚያውቀው ጠመንጃ ምላጭ መሳብን ይማራል። ችግሩም የታወቀ ነው። ትከሽፋለች።

መክሸፍ የሚለው ቃል ዛሬ በአማርኛ ሰፊ ሥራ አለው። መፈንቅለ መንግሥት ይከሽፋል፤ ዕቅድ ይከሽፋል፤ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም «መክሸፍ እንደ ኢትዮጵያ ታሪክ» ብለው የአገርን ታሪክ ያህል ነገር በዚህ ቃል መዝነውበታል። በተኳሽ አፍ ግን ትርጉሙ ጠባብ ነው፦ ምላጩ ተሳበ፣ መዶሻው ወረደ፣ መርፌው መታ፣ ጥይቱ አልጮኸም። ጠባብነቱ ይጠቅማል። ካዝናው ጥይት ሳያቀብል ቀርቶ መዶሻው ባዶ መጉረሻ ላይ ቢወርድ ያ ክሽፈት አይባልም። ብዙ ባለ ጠመንጃ ሁለቱን አንድ አድርጎ ስለሚያይ ምርመራውን ከተሳሳተ በር ይጀምራል። በተለወጠ ጠመንጃ ደግሞ ባዶ ምት የተለመደ ነው፤ ደካማ ጥይት መዝጊያውን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ሳይገፋው ይቀርና መዝጊያው ሲመለስ ቀጣዩን ጥይት ሳያገኘው ያልፋል። እንዲህ ያለው ሰው መፈለግ ያለበት ፈጠን ያለ ጥይት እንጂ አዲስ መርፌ አይደለም።

እውነተኛውን ክሽፈት ለመረዳት ጥይቷን ማወቅ ያስፈልጋል። ዛሬ በየጦሩ የሚታየው ጥይት የሚቀጣጠለው ከቂጡ መሐል ነው፤ እዚያ ካፕሱል የምትባል ትንሽ ቆብ ተሰክታለች፤ መርፌው እርስዋን ይመታል። ሃያ ሁለት ካፕሱል የላትም። የቀለሁ ግርጌ ወደ ውጭ ታጥፎ ከንፈር ይመስላል፤ እሳት ጫሪው ቅመም በዚያ እጥፋት ውስጥ ዙሪያውን ተኝቷል። መርፌው መሐሉን ቢመታው ምንም አይሆንም። መምታት ያለበት ጠርዙን ነው።

የዚህ ዓይነቱ ጥይት አባት ፈረንሳዊው ሉዊ ኒኮላ ፍሎቤር ነው። እ.ኤ.አ. በ1845 ለቤት ውስጥ ኢላማ ያዘጋጃት ጥይት ባሩድ እንኳ አልነበራትም፤ ትንሿን እርሳስ የሚገፋት ቅመሙ ብቻ ነበር። አሜሪካኖቹ ስሚዝና ዌሰን እ.ኤ.አ. በ1857 ባሩድ ጨምረውባት ለመጀመሪያ ተሽከርካሪ ሽጉጣቸው አዋሏት። እ.ኤ.አ. በ1887 የስቲቨንስ ፋብሪካ ሃያ ሁለት ሎንግ ራይፍል የተባለችውን አወጣ፤ ዛሬም በዓለም ዙሪያ የምትተኮሰው እርሷ ናት። የእርሳሷ የተለመደ ክብደት 2.6 ግራም ገደማ፣ የጠርዟ ውፍረት ቢበዛ 1.1 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ሁለተኛውን ቁጥር አንባቢ ይያዘው፤ ብዙው ነገር በእርሱ ላይ ይዞራል።

ፋብሪካው ውስጥ ጥቂት እርጥብ ቅመም ወደ ባዶው ቀለህ ይገባል፤ ከዚያ ቀለሁ በከፍተኛ ፍጥነት ሲሽከረከር ቅመሙ ወደ ጠርዙ እጥፋት ውስጥ ይረጫል። አሠራሩ ፈጣንና ርካሽ ነው፤ ቅመሙ ግን ዙሪያውን ሁሉ እኩል ላይደርስ ይችላል። በአንድ በኩል ሳስቶ ወይም ጨርሶ ቀርቶ እንደሆነ መርፌው በዚያ በኩል ሲያርፍ ጥይቷ ዝም ትላለች። አዙረው ቢመቷት ትጮኻለች። ከመሐል ከሚመታው ጥይት ይልቅ ከጠርዝ የሚመታው የሚከሽፍበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ የጠመንጃው ጥፋት አይደለም።

ይህን ድክመት የጥንቶቹ ሠሪዎችም አሳምረው ያውቁት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1860 የወጣው ሄንሪ የተባለው የአሜሪካ ደጋጋሚ ጠመንጃ ከጠርዝ የሚመታ ጥይት ይተኩስ ስለነበር መርፌው ሁለት ጫፍ ነበረው፤ ጠርዙን በአንድ ጊዜ በሁለት ቦታ ይመታል፤ አንዱ ቅመም ቢያጣ ሌላው ያገኛል። የስዊዘርላንዱ ቬተርሊም በሹካ መሳይ መርፌ ያንኑ አደረገ። ኢጣሊያኖች ቬተርሊን ሲወስዱ ጥይቱን ትተው ከመሐል የሚመታውን መረጡ። የጦር ሠራዊቶች አንድ በአንድ ከጠርዝ ጥይት የሸሹት በዚህ ብቻ አይደለም፤ ጠርዙ በመርፌ እንዲጨፈለቅ ቀለሁ ስስ መሆን ስላለበት ትልቅ ግፊት አይችልም።

እንግዲህ ይህቺን ጥይት ለሌላ ጥይት የተሠራ ጠመንጃ ውስጥ ማስገባት ምን ያስከትላል?

ሙከራው ብዙ ነው። እንግሊዞች በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሊ ኤንፊልዶቻቸውን ለልምምድ ወደ ሃያ ሁለት ለወጡ። በጀርመን ኤርማ የተባለው ፋብሪካ በማውዘር 98 አፈሙዝ ውስጥ የሚገባ ቀጭን አፈሙዝ ከነመዝጊያው ሠራ። አሜሪካኖች ለኤም 16 ጠመንጃ ኤም 261 የተባለውን መለወጫ አዘጋጁ፤ የጠመንጃው መዝጊያ ወጥቶ የመለወጫው መዝጊያ ይገባል፤ በካዝናው ውስጥ ደግሞ 10 ጥይት የሚይዝ ማስገቢያ ይቀመጣል። ዛሬ በገበያ ላይ ያሉት የኤአር 15 መለወጫዎች በአብዛኛው የዚሁ የኤም 261 ዘመዶች ናቸው። የጠመንጃው ምላጭ፣ መዶሻና ሞላ አይነኩም፤ የሚለወጠው መዝጊያው ነው። በመዝጊያው ፊት ላይ ደግሞ በትልቁ ጥይት መጉረሻ ውስጥ ገብቶ የሃያ ሁለትን ልክ የሚይዝ እጅጌ አለ።

የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ይታያል። መዶሻው መሐሉን እንዲመታ የተሠራ ነው፤ መርፌው ደግሞ ጠርዙ ላይ ማረፍ አለበት። በሊ ኤንፊልዱ ለውጥ የመዝጊያው ራስ ተቀይሮ ከመሐል የሚመጣውን ምት ወደ ጠርዝ የሚያሻግር ሌላ መርፌ ተሰክቶበታል። ምት ከአንድ ብረት ወደ ሌላ ብረት በተሻገረ ቁጥር ከጉልበቱ ይቀንሳል። በመለወጫዎቹም መርፌው ከመሐል ገለል ብሎ በጠባብ ቦይ ውስጥ ይሄዳል፤ ቦዩ በጥላሸትና በወፈረ ዘይት ሲሞላ መርፌው ይዘገያል።

ቅመሙ የሚቀጣጠለው በመርፌውና በመጉረሻው ከንፈር መካከል ሲጨፈለቅ ነው። ቡና የወቀጠ ሁሉ ይህን ያውቃል። ሙቀጫው በድንጋይ ወለል ላይ ሲቆም ዘነዘናው ቡናውን ያደቀዋል፤ ሙቀጫው በገለባ ክምር ላይ ከተቀመጠ ግን ዘነዘናው በወረደ ቁጥር ሙቀጫው አብሮ ይወርዳል፤ ቡናውም እንዳለ ነው። የጥይቷ ጠርዝ በመጉረሻው ከንፈር ላይ ጥብቅ ብሎ ካልተቀመጠ መርፌው ጥይቷን ወደ ፊት ይገፋታል እንጂ አይጨፈልቃትም። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው ምት ይከሽፍና ሁለተኛው ይተኩሳል፤ የመጀመሪያው ጥይቷን ወደ ቦታዋ አስገብቷታልና። ይህን ያየ ባለ ጠመንጃ «ጥይቱ ነው» ብሎ ሌላ ሳጥን ይገዛል፤ ሌላውም ሳጥን እንደዚያው ይሆንበታል።

ስለዚህ ምርመራ የሚጀመረው ከከሸፈችው ጥይት ጠርዝ ላይ ነው። ጥይቷ ትዋሽ ዘንድ አትችልም፤ ምቱን ተሸክማለች። በአጉሊ መነጽር ወይም በስልክ ካሜራ አቅርቦ ማየት ይበቃል። ጥልቅና ጥርት ያለ ምት ኖሮባት ዝም ካለች ጥፋቱ የቅመሙ የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው። ምቱ ጥልቀት የሌለው ጭረት ከሆነ ጉልበት ጎድሏል ወይም ጥይቷ በገለባ ላይ ተቀምጣ ነበር። ምቱ ከጠርዙ ወደ ውስጥ ገብቶ የግርጌውን ዝርግ ክፍል ያገኘ እንደሆነ መርፌው ወይም መዝጊያው ከቦታው ወጥቷል። ምንም ምልክት ከሌለ መርፌው አልደረሰም፤ ተሰብሮ ወይም ቦዩ ውስጥ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ሳይታይ የተገዛ ሞላ፣ ሳይታይ የተቀየረ መርፌ፣ የጭፍን ሥራ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ቀላል ነው። ከዚያው ሳጥን የወጡ ጥይቶች ከፋብሪካ ጀምሮ ለሃያ ሁለት በተሠራ፣ ደህና በሚታወቅ ጠመንጃ ይተኮሳሉ። እዚያም ከከሸፉ ጥይቱ ይቀየር። እዚያ ሁሉም ከጮኹ ግን ነገሩ በለውጡ ውስጥ ነው፤ ፍለጋውም ወደዚያ ይመለስ። የተለያየ ፋብሪካ ጥይት መሞከርም ተገቢ ነው፤ የጠርዝ ውፍረት ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፤ የቀለሁ ብረት ጥንካሬም እንዲሁ።

ለውጡ ውስጥ ከሚገኙት ጥፋቶች በብዛት የሚያጋጥመው እድፍ ነው። ይህ ተራ መልስ ስለሆነ ሰው አይወደውም። የሃያ ሁለት እርሳስ ብዙ ጊዜ በሰም ወይም በቅባት የተቀባ ነው፤ ሰሙ፣ የእርሳሱ ፍቅፋቂና ጥላሸቱ ከመጉረሻው ጋር ይጋገራሉ። ጥይቷ የመጨረሻዋን ግማሽ ሚሊ ሜትር መግባት ይሳናታል። ጠርዟ ራሱ ከ1.1 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ መሆኑን ያስታወሰ ሰው ግማሽ ሚሊ ሜትር ምን ያህል እንደሆነ ይገባዋል። በመለወጫ ደግሞ እድፉ ሁለት ቦታ ይቀመጣል፦ በእጅጌው ውስጥና በትልቁ መጉረሻ ከእጅጌው ዙሪያ። ብዙዎች የመጀመሪያውን ያጸዳሉ፤ ሁለተኛውን ይረሳሉ። እጅጌው ሙሉ በሙሉ ካልተቀመጠ ደግሞ መዝጊያው ሙሉ በሙሉ አይዘጋም።

መዝጊያው ሳይዘጋ ሲቀር ክሽፈቱ ሌላ መልክ ይይዛል። መዶሻው ሲወርድ ጉልበቱን መዝጊያውን ወደ ፊት በመግፋት ይጨርሰዋል፤ ለመርፌው የሚደርሰው ትራፊ ነው። ይህ ከክሽፈትም የከፋ ነገር አለበት። መዝጊያው በከፊል ተከፍቶ ሳለ ጥይቷ ብትጮኽ ስሱ ቀለህ ደጋፊ ስለማያገኝ ይፈነዳል፤ ጋዝና የናስ ስብርባሪ በተኳሹ ፊትና እጅ ላይ ይረጫል። በጥላሸት የተጨማለቀ መለወጫ ይዞ «ሁለቴ ሲመታ ይተኩሳል» እያለ የሚቀጥል ሰው ወደዚህ እየሄደ ነው። መነጽር ሳያደርግ መተኮስ የሌለበትም ለዚህ ነው።

ከእድፍ ቀጥሎ የሚመጣው ሞላ ነው። የኤአር 15 ባለቤቶች ምላጩ እንዲለሰልስ የመዶሻውን ሞላ በደካማ ይቀይሩታል፤ ቀለል ያለ መዶሻ የሚገጥሙም አሉ። ከመሐል የሚመታው ጥይት ይህን ይችለው ይሆናል፤ መርፌው ቀጥታ ካፕሱሉን ያገኛልና። ወደ ሃያ ሁለት ሲለወጥ ግን ያ የተቀነሰ ጉልበት ይጎድላል። መድኃኒቱ የፋብሪካውን ሞላ መመለስ ነው። እዚህ ላይ ክርክር አለ። አንዳንድ ጠጋኞች ከፋብሪካው የጠነከረ ሞላ በመግጠም ክሽፈትን ሁሉ ያክማሉ። ይሠራል፤ ነገር ግን ያልጸዳ መጉረሻን፣ ያለቀ መርፌን፣ የሰፋ ክፍተትን ይሸፍናል፤ ምላጩንም ያከብዳል። ጠንካራ ሞላ የመጨረሻው እርምጃ መሆን ሲገባው የመጀመሪያው መደረጉ ስሕተት ነው።

ሦስተኛው መርፌው ነው። ጫፉ ሲያልቅ፣ ሲዶለዱም ወይም ሲቆረጥ ምቱ ይሳሳል። ብዙዎቹ የሃያ ሁለት መርፌዎች ጫፋቸው እንደ መሮ ዝርግ ነው፤ እንዲህ የሆነው ጠርዙን በሰፊው እንዲጨፈልቅ ነው። በሞረድ አሹሎ «የተሻለ እንዲወጋ» ማድረግ ቀለሁን ያስበሳዋል፤ ጋዝም ወደ ኋላ ይወጣል። መርፌውን ማስረዘምም እንዲሁ አደገኛ ነው። የረዘመ መርፌ መጉረሻው ባዶ ሳለ ምላጭ ሲሳብ የመጉረሻውን ከንፈር ይመታል፤ እዚያ ላይ ጉድጓድ ይቆፍርና ብረቱን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ከዚያ ወዲያ ጥይት ሲገባ ይቸግራል፤ ሲወጣም ይቸግራል፤ ጉድጓዱ ባለበት ደግሞ ጠርዙ የሚጨፈለቅበት ድንጋይ የለውም። አንድን ክሽፈት ለማዳን የተሠራ መርፌ ሌላ ክሽፈት ተክሎ ይሄዳል። ባዶ ሃያ ሁለትን አለመተኮስ የሚባለው የድሮ ምክር ከዚህ የመጣ ነው።

በመዝጊያው ፊትና በመጉረሻው ከንፈር መካከል ያለው ክፍተትም አለ። ይህ ክፍተት የጠርዙን ውፍረት ማቀፍ አለበት፤ ከዚያ በጥቂቱ ብቻ ቢበልጥ ይበቃል። ሲሰፋ ጥይቷ በመካከል ትዋልላለች፤ ምቱም እንደ ገለባው ሙቀጫ ይሆናል። ሲጠብ ደግሞ መዝጊያው አይዘጋም። መለኪያው ልዩ መሣሪያ ነው፤ መቶኛ ሚሊ ሜትር ይቆጠራል። ይህ በቤት ውስጥ በካርቶን ቁራጭ የሚሞከር ነገር አይደለም።

ስለ ብርድ ጥቂት ይባል። ባይአትሎን የተባለው በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ ኢላማ የሚመቱበት ውድድር እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የሚካሄደው በሃያ ሁለት ነው። እነዚያ ተወዳዳሪዎች የመዝጊያ ዘይት አመራረጥን እንደ ጥይት አመራረጥ ያከብሩታል፤ በብርድ የሚወፍር ዘይት የመርፌውን ፍጥነት ይሰርቃል። ሞቃት አገር ያለ ተኳሽም ከዚህ የሚማረው አለ፦ የመርፌው ቦይ ንጹሕና ደረቅ እስኪመስል ድረስ በስሱ የተቀባ ይሁን፤ ዘይት የሚያስፈልገው መዝጊያው የሚንሸራተትበት ሐዲድ ነው።

አሁን ወደ አጣዳፊው ነገር። ምላጭ ተስቦ ጥይት ዝም ስትል ሁሉም ክሽፈት ወዲያው አይታወቅም። ቅመሙ ቀስ ብሎ ሊያያዝ፣ ጥይቷም ዘግይታ ልትጮኽ ትችላለች። አፈሙዙ ወደ ኢላማው እንዳለ፣ ጣት ከምላጭ ወጥቶ፣ ቢያንስ 30 ሰከንድ መጠበቅ የታወቀ ሥርዓት ነው። ከዚያ በኋላ ብቻ ፊትን ከመዝጊያው አርቆ ጥይቷን ማውጣት ይቻላል። ቀጭን፣ «ፍስ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ደግሞ ተኩስ ይቁም፤ እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ተቀርቅሮ ሊሆን ይችላል፤ ቀጣዩ ጥይት ከኋላው ሲመጣ አፈሙዙን ያሳብጠዋል ወይም ይሰነጥቀዋል። መጉረሻው ባዶ መሆኑ ተረጋግጦ በአፈሙዙ ውስጥ ብርሃን እስኪታይ ድረስ አይቀጠልም። የከሸፈችን ጥይት በመቆንጠጫ መፍታት፣ መቀጥቀጥ፣ ኪስ ውስጥ ከቁልፍ ጋር ይዞ መዞር አይገባም። ጠርዟ ውስጥ ያለው ቅመም አሁንም ሕያው ነው።

በአጠቃላይ ሲመዘን በተለወጠ ጠመንጃ ላይ ከሚታየው ክሽፈት ብዙው ብረት ሳይነካ የሚድን ነው፦ በጽዳት፣ በጥይት ምርጫና የፋብሪካውን ሞላ በመመለስ። መርፌ፣ ክፍተትና የመጉረሻ ከንፈር ግን ፈቃድ ያለው የመሣሪያ ጠጋኝ ድርሻ ናቸው። ወደ ጠጋኙ የሚሄድ ባለ ጠመንጃ ሥራውን ያቅልልለት፦ እያንዳንዱ የከሸፈ ጥይት ወደ ተኩስ ሜዳው የክሽፈት ሣጥን ከመግባቱ በፊት ጠርዙን ፎቶግራፍ ያንሣ፣ የጥይቱን ዓይነት ይጻፍ፣ ከጽዳት በኋላ ስንተኛው ጥይት እንደከሸፈና በሁለተኛው ምት ተኩሶ እንደሆነም ይመዝግብ።